እትዬ ያስተማሯችሁ የደሴ ልጆች፣ የምታስታውሱትን ጻፉልኝ

የጦሳ ሥር ልጅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁም። እትዬ ካረፉ ዛሬ 26 ቀን ሆናቸው።

ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው በዚሁ ስም ነው። ቤተሰቡ ሙሉ ስማቸው እዚህ እንዲወጣ ስላልፈለገ እኔም እትዬ እያልኩ እቀጥላለሁ። ጦሳ ተራራ ሥር ባለው በዚያ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ማንን እንደምል ያውቃል።

እኔ የእህታቸው ልጅ ነኝ። ከአራት ዓመቴ ጀምሮ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ቀብራቸው ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ሰው እየገባ፣ ሰው እየወጣ፣ ሌሊቱን ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብዬ አንድ ገጽ ሞላሁ። በ1934 ደሴ ተወለዱ። በ1954 ከደብረ ብርሃን መምህራን ማሠልጠኛ ወጥተው ማስተማር ጀመሩ። 35 ዓመት አገልግለው በ1989፣ በ55 ዓመታቸው ጡረታ ወጡ። ደግ፣ ርኅሩኅና ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ንባቡ ሲያልቅ አንድ አባት ከዘራቸውን ይዘው ወደ እኔ መጡ። «ልጄ፣ ደክመሻል፤ ግን እኔ የማውቃቸው እትዬ እዚህ ወረቀት ላይ የሉም» አሉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እውነታቸውን ነው።

ለአርባቸው ትንሽ መጽሔት እናሳትማለን። ሁለት ሳምንት አለን። እባካችሁ በዓይናችሁ ያያችሁትን ጻፉልኝ። «ደግ ነበሩ» ብቻ ብላችሁ አትለፉ፤ ምን እንዳደረጉ ንገሩኝ።

እኔ ልጀምር። ቅዳሜ ማታ ማታ እትዬ ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው የመገበሪያ ስንዴ ይለቅሙ ነበር። መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ይወርዳል። ሬዲዮው ይዘጋል። አያወሩም። እኔ ከጎናቸው የቤት ሥራዬን እሠራለሁ፤ የምሰማው ጠጠሩ ጣሳ ውስጥ ጠብ ሲል ብቻ ነው። ደግሞ አንድ ነገር። ጡረታ ወጥተው 20 ዓመት ካለፋቸው በኋላ እንኳ እስክሪብቶ ይዘው ሁለት መስመር ከጻፉ፣ ሲጨርሱ አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን ያሻሹ ነበር። ጠመኔ እንደሚያራግፉ።

አንድ ጥያቄም አለኝ። ከ1969 መጨረሻ እስከ 1970 አጋማሽ ድረስ ስለሳቸው ምንም ወረቀት የለም። ደብዳቤ የለም፣ ፎቶ የለም። በሕይወት ሳሉ ስጠይቃቸው «ያኔ አሞኝ ነበር» ብለው ይዘጉኝ ነበር። የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።

የ56ቱ ተማሪ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡40

ነፍሳቸውን ይማር። እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ።

አንደኛ ክፍል የገባሁት በ1956 ነው። እትዬ ያኔ የ22 ዓመት ወጣት ናቸው። ሰማያዊ ሹራብ፣ ነጭ ነጠላ። የደሴን ጉም ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ሰልፍ ላይ ፊታችን ያለው ሰው አይታይም። እሳቸው ግን በዚያ ጉም ውስጥ እያንዳንዳችንን ጥፍር ሳያዩ አያልፉም ነበር።

እንግዲህ ያ ዓመት ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ትምህርቱ በአማርኛ የሆነበት ዓመት ነው። ታላቅ ወንድሜ ከዚያ በፊት ሳይንሱን በእንግሊዝኛ በቃሉ ሸምድዶ ነው ያለፈው፤ ምን እንደሚል አያውቀውም። እትዬ ለኛ ሳንባን ለማስረዳት ገበያ ሄደው የበግ ሳንባ ገዝተው መጡ። ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አንጥፈው በመቃ ሲነፉት እንደ ፊኛ ተነፋ። ግማሹ ክፍል ጮኸ። እኔ ዛሬም ሐኪም ቤት ስሄድና «ተንፍስ» ስባል ያ ሳንባ ነው የሚታየኝ።

እውነቱን ጻፉ ካልሽ ደግሞ ይኼንንም ጻፊ። እትዬ ይመቱ ነበር። የወይራ ልምጭ ነበራቸው። ያረፈደ መዳፉን ይዘረጋል። ፊደል ያጣመመ መዳፉን ይዘረጋል። አንድ ቀን የማባዛት ሠንጠረዥ ስቼ ዐሥር ጊዜ ተመታሁ፤ ማታ እንጀራ መቁረስ አቅቶኝ እናቴ አጎረሰችኝ። ቂም የለኝም። የቁም ጽሕፈቴ እስካሁን ሰው የሚያደንቀው በሳቸው ነው። ግን ልምጩን ከታሪካቸው ካወጣሽው የኔ እትዬ አይደሉም።

ቧንቧ ውሃ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡05

ይቅርታ ጋሼ፣ ስለ ሌላ መምህርት ይሆን እንዴ የሚያወሩት?

እኔ ከ1974 እስከ 1977 እሳቸው ጋ ተምሬያለሁ። እትዬ አንድም ቀን፣ አንድም ልጅ መትተው አያውቁም። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ልምጭ የማይገባበት ክፍል የሳቸው ብቻ ነበር። አንድ ቀን የስፖርት አስተማሪያችን አንዱን ልጅ ሊመታ ሲል እትዬ በመሃል ገቡ። ምንም አልተናገሩም። ልጁን ከኋላቸው አደረጉትና ቆሙ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ፊት ወንበር ስለነበርኩ አይቼዋለሁ።

ክፍላችን ውስጥ 80 ልጅ ነበር። አንድ ዴስክ ላይ ለሦስት፣ አንዳንዴ ለአራት ነበር የምንቀመጠው። ስንንጫጫ እትዬ አይጮሁም። ዞር ብለው ሰሌዳው ላይ በጣም በትንንሹ መጻፍ ይጀምራሉ። ከኋላ ያሉት ማንበብ ሲያቅታቸው «ዝም በሉ፣ አይታይም!» እያሉ እርስ በርስ ይቆጣጠራሉ። ፀጥ ሲል ፊደሉ ደግሞ ትልቅ ይሆናል። እኔ ራሴ አሁን መምህር ነኝ፤ ይቺን ዘዴ በየቀኑ እጠቀምባታለሁ።

የ56ቱ ተማሪ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡30

እኚያው ናቸው ልጄ። በቀኝ ቅንድባቸው ላይ ጠባሳ ያለባቸው። እኔ የተመታሁትን አልረሳም።

ቧንቧ ውሃ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡42

አዎ፣ ጠባሳው አለ። ግራ ገባኝ።

ስደት በጂዳ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡20

አሰላሙ ዓለይኩም የደሴ ልጆች። እኔ ጂዳ ነው ያለሁት፣ ሰው ቤት ነው የምሠራው፤ አሁን ሁሉም ተኝቶ ነው የምጽፈው። አብሽሪ እህቴ፣ ነፍሳቸውን ይማረው።

እትዬ እኔን አላስተማሩኝም። ያስተማሩት እናቴን ነው።

በመሠረተ ትምህርቱ ጊዜ፣ በ1971 ክረምት፣ እናቴ ስድስት ልጅ ነበራት፤ እኔ ገና አልተወለድኩም። ማታ ማታ ቀበሌ ሄዳ ትማር ነበር። አባቴ መጀመሪያ ላይ እሺ አላላትም አሉ። እትዬ ራሳቸው ቤታችን መጡ። ቡና ተፈላ። ጀበናው ሦስተኛው ላይ እስኪደርስ ስለ ትምህርት አንድ ቃል አላነሱም። ሲነሱ ብቻ «ነገ ማታ ኩራዙን እኔ ይዤ በደጃችሁ አልፋለሁ፤ አብረን እንሄዳለን» ብለው ወጡ። በነጋታው መጡ። ከዚያ በኋላ በየማታው መጡ።

እናቴ ከዚያ በፊት የምትፈርመው በአውራ ጣቷ ነበር። በኋላ ትልቁ ወንድሜ ብሔራዊ ውትድርና ሄደ፣ ሰሜን ግንባር። ደብዳቤው ሲመጣ ሌሎቹ እናቶች አንባቢ ፍለጋ ይሄዳሉ፤ የልጃቸውን ነገር ጎረቤት ሁሉ እየሰማ ያስነብባሉ። እናቴ ግን ደብዳቤዋን ይዛ ጓዳ ትገባለች። ብቻዋን። በጣቷ እየተከተለች። እኔ በበሩ ቀዳዳ አያት ነበር። ስታለቅስም ብቻዋን ነው፣ ስትስቅም ብቻዋን ነው። ወንድሜ ሳይመለስ ሲቀር እነዚያን ሰባት ደብዳቤዎች እስክትሞት ድረስ ታነባቸው ነበር።

ይኼን ጻፊልኝ። እናቴ ከልጇ ጋር ብቻዋን እንድታወራ ያደረጉት እትዬ ናቸው።

የጦሳ ሥር ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡55

እህቴ፣ እያለቀስኩ ነው የማነበው። እንዳለ ይገባል። አንድ ቃል አልነካም።

ጡረተኛው መምህር | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡15

ከእትዬ ጋር 14 ዓመት አንድ ግቢ ሠርቻለሁ። ወጣቶቹ እንዲያውቁት ስለ ዘመኑ ትንሽ ልጨምር።

የካቲት 1966 መምህራን ሴክተር ሪቪው በተባለው የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ ምክንያት ሥራ ሲያቆሙ እትዬም አቁመዋል። ከኛ ግቢ ከነበሩት ሦስት ሴት መምህራን ስብሰባ ላይ እጃቸውን አውጥተው የተናገሩት እሳቸው ናቸው። «የድሃ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ይብቃው የሚል ትምህርት አላስተምርም» ነው ያሉት።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በይፋ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ነው። በኋላ በ15 ቋንቋዎች የተሰጠ፣ የዩኔስኮ ሽልማት ያገኘ ሥራ ነው። ወረቀት ላይ ትልቅ ነው። መሬት ላይ ግን አንድ መምህር በቀን ሁለት ፈረቃ አስተምሮ፣ ማታ ደግሞ ቀን ሙሉ ሲለፉ ለዋሉ አዋቂዎች ሀ ሁ ማለት ነበር። ጋዝ ይጠፋል። ብዙዎቻችን ስም አስመዝግበን እንቀር ነበር፤ ይኼን ሳልደብቅ እናገራለሁ። እትዬ አልቀሩም። ጋዝ ሲጠፋ ከቤተ ክርስቲያን የተረፈ የጧፍ ቁራጭ እየሰበሰቡ ያመጡ ነበር። ለዚህም አንድ ካድሬ ስብሰባ ላይ አስነስቶ ወቅሷቸዋል።

እሑድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ ነበረ። የቀረ ስኳርና ዘይት ላይ ችግር ይገጥመዋል። እትዬ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተው ኪዳን አድርሰው፣ ቆርበው ከሆነም አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ ስብሰባው ላይ በሰዓቱ ይገኙ ነበር። አንዴ ሊቀመንበሩ «ጓድ፣ አስተያየት» ሲላቸው አፋቸውን በነጠላው እንደሸፈኑ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሰው ሁሉ ገብቶት ዝም አለ። ሊቀመንበሩም አለፋቸው።

ስለ ልምጩ ሁለታችሁም እውነት ነው የተናገራችሁት። በፊት ይመቱ ነበር። በኋላ ተዉ። መቼ እንደተዉ አስታውሳለሁ፤ በ1970 ሚያዝያ አካባቢ ወደ ሥራ ሲመለሱ ነው። ለምን እንደተዉ ግን አላውቅም። ያኔ ሰው ሰውን አይጠይቅም ነበር።

ሰንበት ተማሪ ከሜሪላንድ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡30

በሰንበት ትምህርት ቤት ከ1985 ጀምሮ አብሬያቸው ነበርኩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ አጥቢያው ሁለተኛ ቤታቸው ሆነ። መጋረጃ ይሰፋሉ፣ የመዘምራኑን ልብስ ያጥባሉ፣ ለጥምቀት ምንጣፍ ያራግፋሉ። ይኼን ሁሉ ሌሎች እናቶችም ያደርጉታል።

ሌላው የማያደርገውን ልናገር። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የሚለምኑ እናቶች ሲሞቱ፣ ወገን ከሌላቸው፣ ገላቸውን የሚያጥቡት እትዬ ነበሩ። እድር የለም፣ ጡሩምባ የሚነፋ የለም። ዲያቆን ሆኜ አንድ ክረምት ውሃ አቀብያቸዋለሁ፤ ከበሩ ውጭ ቆሜ ማለት ነው። በዝናቡ ውስጥ ድምፃቸው ይሰማኛል። ከሟቿ ጋር ያወራሉ። «አሁን እጅሽን እናጥባለን። አይዞሽ፣ ውሃው ሞቅ ያለ ነው። እንዲህ ነው፣ ጎበዝ።» ልክ አንደኛ ክፍል ልጅ ፊደል እንደሚያስጽፉ።

ውሃውን ለምን እንዳሞቁት ጠየቅኳቸው። «ስትኖር በበረዶ ውሃ ስትታጠብ ኖራለቻ» አሉኝ።

ሰላም ለኩሉ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡00

ሁሉም ደስ ይላል። ግን ስለ ዱላው መጽሔቱ ላይ ባይገባ? ሙት ወቃሽ አንሁን። ያ ዘመን ሁሉም መምህር ይመታ ነበር። የአርባ ጽሑፍ ላይ ለምን?

የጦሳ ሥር ልጅ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡45

አክብሬ ሰምቼሃለሁ ወንድሜ። ሁለት ቀን አስቤበታለሁ፤ እናቴንም ጠይቄያለሁ። ይገባል። እትዬ ራሳቸው ደብተር ሲያርሙ የተሳሳተውን ፊደል አጥፍተው አያውቁም፤ ከጎኑ ትክክለኛውን ይጽፋሉ፣ ስህተቱም እንዲታይ ይተዉታል። የሳቸውን ታሪክ በሌላ መንገድ ልጽፈው አልችልም።

ሐይቅ መንገድ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡10

አጭር ነገር። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ የደሴን ትምህርት ቤቶች ሞልቶ ነበር። እኔም ከቆቦ ሁለት ልጆቼን ይዤ መጥቼ ከነዚያ ክፍሎች በአንዱ ተጠግቻለሁ። 80 ዓመት የሆናቸው አሮጊት በየጠዋቱ ገብስ ቆሎ በነጠላቸው ቋጥረው ይመጡ ነበር። ሰሌዳውን በእጃቸው ጠርገው ልጆቹን ሰበሰቡ። ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው ልጆቻችን ተማሩ። ትንሿ ልጄ «ቆ» የሚለውን ፊደል የለየችው እዚያ ነው፤ «ቆቦ» ብለው ጽፈው «ቤትሽ ይኸውልሽ» አሏት። ስማቸውን ሳላውቅ ኖሬ ፎቷቸውን ትናንት አንድ ሰው ሲያጋራ አየሁ።

ሸዋ በር | ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡25

ሰላም። እኔ 19 ዓመቴ ነው፤ ይኼን የምጽፈው አያቴ እየነገረችኝ ነው። ይኼን ውይይት ከመጀመሪያው አንብቤላት ስለዚያ ክፍተት ስትሰማ «ዝጊው» አለችኝ። ዛሬ ከሰዓት ደግሞ ጠርታኝ «ጻፊ» አለች። እንዳለችው እጽፋለሁ።

«አሞኝ ነበር ያሉት ውሸት አይደለም። ሁላችንም አሞን ነበር። እኔ የ17 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቀይ ሽብር ነው። የታሰርነው የቀበሌ መጋዘን ውስጥ ነው፣ አንድ ክፍል ውስጥ 23 ሴት። እትዬ የታሰሩት ድሮ ያስተማሩት ልጅ ሁለት ሌሊት ቤታቸው ስላደረ ነው። የት እንደሄደ ጠየቋቸው። አልተናገሩም። ቅንድባቸው ላይ ሌላ ቁስል ተጨመረ፤ የድሮው ጠባሳ ላይ።

ከግድግዳው ማዶ ወንዶቹን ይገርፏቸው ነበር። ማታ ማታ ነው። እኔ ጆሮዬን እይዛለሁ። እትዬ መጀመሪያ አካባቢ ይጸልዩ ነበር። በኋላ ከግድግዳው የተላጠ ኖራ አነሱና ወለሉ ላይ ጻፉ። አንዲት ጠላ ሻጭ፣ አንዲት የሰው ቤት ሠራተኛ፣ ሌሎችም ፊደል የማያውቁ አብረውን ነበሩ። ግርፋቱ ሲጀመር እትዬ «ኑ» ይላሉ፤ እንሰበሰባለን፤ በሹክሹክታ ሀ፣ ሁ፣ ሂ። ጠዋት በነጠላ እናጠፋዋለን። ጠላ ሻጯ ስሟን መጻፍ ችላ ወጥታለች። ሠራተኛዋን ግን ስሟን መጻፍ ሳትችል ወሰዷት፤ «ለ» ላይ ደርሳ ነበር።

ከወጣን በኋላ፣ በ1972 ይመስለኛል፣ ወንድሜን ላስመዘግብ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ክፍላቸው ልምጭ የለውም። ጠየቅኳቸው። እንዲህ አሉኝ፦ ‹የተመለስኩ ቀን አንድ ልጅ አረፈደ። መዳፉን ዘረጋ። ልምጩን አነሳሁና አየር ላይ ሲጮህ ሰማሁት። ያው ድምፅ ነው። እኔም ዐሥራ አምስት ዓመት ያንን ድምፅ ሳሰማ ኖሬያለሁ ማለት ነው። ልጁን ተቀመጥ አልኩት።› ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አውርተን አናውቅም። እኔም እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።»

አያቴ አሁን ተኝታለች።

የ56ቱ ተማሪ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 4፡02

አነበብኩት። እኔ ያንን ልምጭ ከወይራው የምቆርጥላቸው ልጅ ነበርኩ፤ ተራዬ ሲደርስ። ይኼንንም ጨምሪው።

ቧንቧ ውሃ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 4፡20

እጃቸው ለምን እንደተንቀጠቀጠ አሁን ገባኝ።

የጦሳ ሥር ልጅ | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ሸዋ በር፣ አያትሽን ጉልበታቸውን ስመሽ አመስግኚልኝ። እሳቸው ካልፈቀዱ አንድ ቃል አይታተምም። ከፈቀዱ ግን መጥቼ ቁጭ ብዬ ላንብብላቸውና ያርሙት። ማክሰኞ ከሰዓት ይመቻቸው እንደሆነ ጠይቂልኝ፤ ቡናውን እኔ ይዤ እመጣለሁ።

ለእናቴ ሌሊቱን አነበብኩላት። እህታቸው ሆና ከ40 ዓመት በላይ አላወቀችም። «ጠባሳው ሰፋ ስላት ወደቅኩ አለችኝ» አለች፤ ከዚያ በላይ አልተናገረችም። ጠዋት ስነሳ የእትዬን ሰፌድ አውርዳ የአርባውን የመገበሪያ ስንዴ እየለቀመች አገኘኋት። ሬዲዮው ተዘግቷል። እኔም ጣሳውን ይዤ ከጎኗ ተቀመጥኩ።